የመንታዎቹ እናት ወንበር

«እማዬ ‹ነገ የመንታዎቹ እናት በቀኜ ካልተቀመጠች ምሳ የሚባል ነገር አይቀርብም› ብላለች» አለኝ የምወደው ሰው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። የሥራ ቱታውን እስከ ወገቡ ዝቅ አድርጎ፣ እጅጌዎቹን ወገቡ ላይ አስሮ የመጋዘናችን በር ላይ ቆሟል። እኔ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ያገለገለ የሕፃን አልጋ ፎቶ እያነሳሁ ነው። ስልኩ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«መልስ አልሰጠችህም?»

«ከጻፍኩላት ሦስት ቀን ሆነ። ማንበቡን አንብባዋለች። ታማ ይሆን እንዴ? ደንበኛሽ አይደለች፤ እስኪ አንቺ ጠይቂልኝ፣ ጭረት።»

ጭረት ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲያ ሲለኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ያን ቀን ግን ስሙ ወጋኝ።

«እጠይቃታለሁ» አልኩት፣ አልጋውን እያየሁ።

ዓይኑ ፊቴ ላይ ቆየ። የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው፤ ድምፅ ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ የሚያውቅ ሰው። የላላውን ያገኘው መስሎኝ ነበር። «ደክሞሻል» አለኝና ከግንባሬ ላይ አቧራ ጠርጎልኝ ወደ ሥራው ሄደ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ከሄደም በኋላ ይሞቀኝ ነበር። ያ ሙቀት የእኔ እንዳልሆነ፣ በማጭበርበር ያገኘሁት እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ።

እህቴ ከተከመሩት ወንበሮች ጀርባ ጨርቋን ይዛ ብቅ አለች። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷ ዕቃውን ታጸዳለች፣ እኔ ፎቶ አንስቼ እሸጣለሁ።

«ሊፍትሽ ሄደ?» አለችኝ። «እንግዲህ እስከ ነገ መንታ ካልወለድሽ ጉድሽ ፈላ።»

አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀችም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሥራዬ ሰው የጠገበውን ዕቃ ለቸገረው ሰው በኢንተርኔት ማሻሻጥ ነው። ቤት የሚቀይር፣ ትዳር የሚፈታ፣ ልጁ አልጋው የጠበበው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ፎቶ አንስቼ የሰፈራችን የገበያ ገጽ ላይ አወጣለሁ። በዕቃ ዋሽቼ አላውቅም። ጭረት ካለው ጭረቱን አቅርቤ፣ ለብቻው አንስቼ አሳያለሁ። በገዢ ግን እዋሻለሁ። በእኛ ሥራ «አሟሟቂ» የምንለው ነገር አለ፤ ሁለተኛ ስም፣ ሁለተኛ አካውንት ማለት ነው። ገዢው ሲያመነታ አሟሟቂዋ ብቅ ትልና «እኔ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ» ትላለች። ያመነታው ሰው ይሮጣል። የእኔ አሟሟቂ «የመንታዎቹ እናት» ትባላለች። ፎቶዋ ድሮ የሸጥኩት የአበባ ማስቀመጫ ነው። በእሷ ማንም አይጎዳም እል ነበር።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ተሽከርካሪ ወንበር አወጣሁ። አንድ ሰው «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለ። ቀጥሎ «እስከ ወር መጨረሻ ታቆይልኛለሽ?» አለ። እኔም እንደ ልማዴ አሟሟቂዋን ላክኋት። «ለእኔ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ መጥቼ አነሳዋለሁ» አለች።

ሰውዬው ወደ እኔ አልሮጠም። በውስጥ መስመር ለእሷ ጻፈላት።

«እትዬ፣ ሳላውቅዎት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። እናቴ ወድቃ መራመድ ካቆመች አራት ወሯ ነው። ጠዋት ያስቀመጥኳት ቦታ ማታ ስመለስ አገኛታለሁ። ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ሰውን ሁሉ ከፍና ዝቅ ሳደርግ እየዋልኩ የራሴን እናት ከአልጋ እስከ መስኮት ማድረስ አቃተኝ። የእርስዎ ችግር ከእኔ ከባሰ ወንበሩን ይውሰዱት፤ ቅር አይለኝም። ካልባሰ ግን ይለፉልኝ።»

ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ ስጨርስ ተቀምጬ ነበር። የዚያን ቀን «ወንድሜ፣ እትዬ የምትላት ሴት የለችም፤ ወንበሩ ያንተ ነው» ብል ሁለት መስመር ነበር። አፈርኩ። እፍረቴን ለመሸፈን በእሷ ስም «እናትህ ይቅደሙ፤ ለእኔ ሌላ ይገኛል» ብዬ መለስኩለት። ስጽፈው ደስ ብሎኛል። ደግ መሆን እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብያለሁ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። የጠየቅሁትን ሳይከራከር ከፈለ፤ አሟሟቂዋ ባትኖር እቀንስለት እንደነበር እሱ አያውቅም። ብሩን ከመቀበሌ በፊት ወንበሩን ወለሉ ላይ ገፋ አድርጌ አሳየሁት። «የግራው ጎማ ይጎትታል። የቀኙን እጀታ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፤ አለዚያ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚወስድህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። «እንከኑን ቀድሞ የሚያሳይ ሻጭ ዛሬ አየሁ» አለ። ገጼን አገላብጦ ሲያይ የጭረቶቹን ፎቶዎች ሁሉ አገኘ፤ ጭረት የሚለው ስም የወጣልኝ ያኔ ነው። የወደደኝም ለዚያው ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ።

ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ጀመር። የተነቀለ መሳቢያ ይመታል፣ የላላ ማጠፊያ ያጠብቃል፣ ከእህቴ ጋር ይሳሳቃል፣ እኔን በዓይኑ ይፈልጋል። ሲከፋው ግን የሚጽፈው ለእሷ ነበር። ለመንታዎቹ እናት። ስለ እናቱ ሕመም ለእሷ፣ ከአለቃው ጋር ሲጋጭ ለእሷ። በኋላ ደግሞ ስለ እኔ ለእሷ። «እትዬ፣ የወደድኳት ልጅ አለች፤ ስታፍር አንገቷን በግራ በኩል ታካለች፣ እንደምታደርገው አታውቅም» ብሎ የጻፈላትን ያነበብኩ ቀን ስልኩን ትራስ ሥር ቀብሬ አለቀስኩ። እኔ ፊት የማይናገረውን የሆዱን ሁሉ እየሰረቅኩ እሰማ ነበር። ማቆም ነበረብኝ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ መጠበቅ ግን ሱስ ሆነብኝ።

እናቱ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ድሮ ግቢ ያለው ቤት ነበራቸው። አንድ ደላላ ለእሳቸው ሌላ፣ ለገዢው ሌላ ተናግሮ ቤቱን አስወስዶባቸው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ቀሩ። ልጃቸው የእኔን ሥራ ሲነግራቸው እንዲህ አሉት፤ ይህንንም ለእሷ ጽፎላት ነው ያነበብኩት፤ «የፈለግሃትን አምጣ፣ ደላላ ግን አታምጣብኝ። ደላላ አንድ አፍ አይበቃውም። አግባ ካልኩህ እንደዚያች ወንበሩን እንደለቀቀችልኝ ያለችውን አግባ።»

እዚህ ላይ ነው ዓይኔን በጨው የታጠብኩት። በመንታዎቹ እናት ስም ለእናቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እሱም ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ደንበኛዋ ነኝ። ያላት አንድ አፍ ነው» ይላል። እናቱ ደብዳቤውን ሰምተው አለቀሱ አሉ። «እሷ ካለች እሺ» አሉ። የእሑዱ ምሳ፣ የሁለታችን ቤተሰብ የሚተዋወቅበት ምሳ፣ ቀኑ የተቆረጠው በዚያች ደብዳቤ ነው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። «ገድለናት እንረፍ» አለች እህቴ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨርቋን እየጠመዘዘች። «በድንገት አረፈች በያቸው። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆንብሽ።»

አሰብኩበት። መዋሸት የለመደ ሰው አሁንም ማሰቡ አይቀርም። ግን እናቱ ሲያለቅሱላት ታየኝ። ላልተወለደች ሴት እውነተኛ እንባ። አንሶላውን ከግድግዳው ላይ አውርጄ አጠፍኩትና ወጣሁ።

ሦስቱን ፎቅ በእግሬ ስወጣ የምለውን ስደረድር ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ። እናቱ ወንበራቸው ላይ ሆነው ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከበሩ እስከ ሳሎኑ የግራው ግድግዳ በሙሉ በጎማ ተፍቆ ጥቁር መስመር ሠርቷል።

«ታያለሽ?» አሉኝ ዓይኔን ተከትለው። «ሊፍት የሚጠግን ልጅ አንድ ጎማ አቃተው። ጥገን ስለው ‹ይቆይ› ይላል። ግቢ፣ ልጄ።»

ጠረጴዛው ከወዲሁ ተሰናድቷል። በቀኝ በኩል ያለው ወንበር ላይ አዲስ ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ ሁለት ትንንሽ የሹራብ ኮፍያ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ።

«ለመንታዎቹ ነው» አሉ፣ አንዱን አንስተው በጣታቸው እየዘረጉ። «ዕድሜያቸውን ብጠይቀው አያውቅም። እንዳይጠባቸው ብዬ ሰፋ አድርጌ ነው የሠራሁት። ይሆናቸዋል ትያለሽ?»

ከፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ መንታዎቹ የሉም።»

«ምን ሆኑ?» ብለው ደነገጡ።

«ምንም አልሆኑም። ኖረውም አያውቁም። እናታቸውም የለችም። እኔ ነኝ። ወንበሩን ቶሎ ለመሸጥ የፈጠርኳት ስም ናት። ‹እናትህ ይቅደሙ› ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ራሴ ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልዎትም እኔ ነኝ።»

ኮፍያው ጣታቸው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ቤታቸውን የወሰዱባቸው ቀን የነበራቸውን ፊት ይመስለኛል። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ከኋላዬ ተተከለ። ዞር አልኩ። በሩ ክፍት ነው። ከሥራ ተመልሶ፣ ለነገው ከጎረቤት የተዋሳቸውን ሁለት ወንበሮች በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሟል።

«ድገሚው» አሉኝ እናቱ። «እሱም ከአፍሽ ይስማው።»

ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዓረፍተ ነገር የለም። ወንበሮቹን ቀስ አድርጎ፣ ወለሉን እንዳይፍቁ ተጠንቅቆ አስቀመጠ።

«ስለ አንቺ የጻፍኩላትንም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ስትመልሺልኝ ትስቂብኝ ነበር?»

«አንድ ቀን አልሳቅኩብህም። አንዳንዴ ካንተ ጋር ሆኜ ከምነግርህ ይልቅ እሷ ሆኜ የጻፍኩልህ ነው የልቤ የነበረው። ምን ዋጋ አለው።»

አየኝ። ያ የመጀመሪያው ቀን ረጅም አስተያየት ነው፤ ግን አሁን የሚያየው ዕቃውን ከከፈለበት በኋላ እንደሚመረምር ሰው ነው። ዞሮ ወጣ። የእግሩን ኮቴ እስከ ምድር ቤት ድረስ ቆጠርኩት።

«ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሷን ስመርቅ ነበር» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ልጆቿን ያሳድግላት፣ ቤቷን ይሙላላት እያልኩ። ያ ሁሉ ምርቃት ማን ጋ ደረሰ?»

ከወለሉ ተነሳሁ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«‹ጭረቱን እያሳየች ነው የምትሸጠው› ብሎኝ ነበር። የራስሽን ለምን ደበቅሽ?»

«እንዳላጣው ፈርቼ።»

ኮፍያውን ትራሱ ላይ መልሰው ከሌላው ጎን በእጃቸው አስተካከሉት። «ሂጂ አሁን» አሉኝ። «እኔ የጠራሁትን ምሳ አልሰርዝም። ነገ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር ይታያል።»

መጋዘን ተመልሼ የሕፃኑ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴም አጠገቤ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ የመጣው ለእኔ አልነበረም።

«እትዬ» ይላል። «የምወዳት ልጅ ዛሬ እርስዎ የሉም አለችኝ። ሲከፋኝ ለእርስዎ መጻፍ ለምጄ፣ ይኸው እጄ ወደ እርስዎ መጣ። የግራውን ጎማ ለምን እንደማልጠግነው ለእማዬ ነግሬያት አላውቅም። ልጅቷ መጀመሪያ የነገረችኝ እውነት ስለሆነ ነው። ስገፋው ድምፅዋ ይሰማኛል። አሁን ግን ከዚያ ወዲህ ከነገረችኝ የቱ እውነት እንደነበረ አላውቅም። ለእርስዎ እንዳልጽፍ የሉም። ለማን ልጻፍ?»

«አጥፊው ይሄን አካውንት» አለች እህቴ፣ በትከሻዬ ላይ አንብባ። «አጥፊውና ይለይለት።»

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። ማጥፋትም መደበቅ ነው። አንሶላውን መልሼ ወጠርኩ፣ እህቴ እንድታነሳኝ ስልኩን ሰጠኋት፣ ያለቀሰ ፊቴን ሳልታጠብ ፊት ለፊት ቆምኩ። የአበባ ማስቀመጫውን ፎቶ ከአካውንቱ ላይ አውጥቼ ያንን ፎቶ በቦታው አደረግሁት። «የመንታዎቹ እናት» የሚለውንም ስም ፍቄ የእኔን ጻፍኩ። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ በተጻጻፍንበት ገጽ ላይ፣ ከደብዳቤው ሥር፣ «ለእኔ ጻፍ» አልኩት።

አነበበው። ማንበቡን ስልኩ ነገረኝ። ሌላ ምንም አልነገረኝም።

እሑድ እህቴን አስከትዬ ደረጃውን ወጣሁ። መምጣቴ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ መቅረቴ ደግሞ ሌላ ውሸት ነበር። በሩን የከፈተልን እሱ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ አላየም። «ግቡ» አለ፣ ለእህቴ። እኔን በዓይኑ አለፈኝ።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰሃን አለ። እኛ አራት ነን። ግራ ገብቶኝ ወደ ቅርቡ ወንበር ስጠጋ ትራሱንና ሁለቱን ኮፍያዎች አየሁ።

«እዚያ አይደለም» አሉ እናቱ። «ያ የእሷ ነው። አንቺ በግራዬ ነሽ።»

ተቀመጥኩ። ምሳው ተበላ፤ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። እህቴ ከዚህም ከዚያም ወሬ እያመጣች ዝምታውን ስትሞላ ዋለች፤ እናቱ ለእሷ በትሕትና ይመልሱላታል። እሱ ዳቦውን ሲያቀብል እጁ በባዶው ሰሃን ላይ ያልፋል። ዝም ባልን ቁጥር ዓይኑ ወደዚያ ወንበር ይሄዳል። እኔ ደግሞ ማመን በሚያስቸግር ሁኔታ ቀናሁ፤ በጣቴ ጽፌ በፈጠርኳት ሴት ቀናሁ። ከእኔ የተሻለች ናት። ያንን ሁሉ ደግነት ጽፌላት፣ ለራሴ ምንም ሳላስቀር ሰጥቻት ነበር።

ምሳው ሲያበቃ እናቱ ናፕኪናቸውን አጠፉ። «ወደ መስኮቱ ውሰዱኝ» አሉ። ማንን እንዳሉ አልታወቀም። እሱም ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። እኔ ቀድሜ ደረስኩና ወንበሩን ስገፋ ጎማው ወደ ግራ ጎተተኝ፣ ወደዚያው ጥቁር መስመር። ከኋላዬ እጁ መጥቶ የቀኙ እጀታ ላይ፣ እጄ ላይ፣ አረፈ። እንደሚያነሳው ጠብቄ ቆምኩ።

አላነሳውም።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አለኝ በጆሮዬ። ድምፁ ይቅር ያለ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ገና የተከፋ ሰው ድምፅ ነው። ከፍቶት የተናገረው ግን ዛሬ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነበር።

ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እናቱን መስኮቱ ጋ አደረስናቸው። ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱ ኮፍያዎች ትራሱ ላይ ናቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ማንም አያነሳቸውም፣ እኔም ባየኋቸው ቁጥር አንገቴን በግራ በኩል አካለሁ።